የጆሮ ማዳመጫው የትኩረት ሥልጠና በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሲፈተን

ትኩረትን ያጎለብታሉ፣ አስቸጋሪ ጥያቄን ለመፍታት አእምሮን ያዘጋጃሉ እየተባሉ የሚሸጡ የተቀዱ የድምፅ ሥልጠናዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እዚህ ድሬዳዋም ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎችና ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር በሚውሉ የማውቃቸው የቢሮ ሠራተኞች ስልክ ውስጥ መታየት ጀምረዋል። የምገመግመው ስምንት ክፍሎች ያሉትንና እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስደውን አንድ የእንግሊዝኛ ሥልጠና ነው፤ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ከፍላ የላከችልኝ ሲሆን፣ በሒሳብ ሠራተኛነቴ የዓመቱ እጅግ አስጨናቂ በሆነው በሰኔ ወር የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ተጠቅሜበታለሁ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው የማመሰግነውም ሆነ የምነቅፈው ነገር ከሞላ ጎደል በዚህ ዓይነት ምርቶች ሁሉ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ በሥልጠናው ውስጥ ዋጋ ያለው የመሪው ሰው ንግግር ነው፤ ከንግግሩ ሥር የሚሰማውና ማስታወቂያው በሙሉ የተገነባበት «የሞገድ ድምፅ» ግን ባይኖርም ብዙ የሚጎድል ነገር አላየሁም።

የዚህ ዓይነት ምርት የዘር ሐረግ በአብዛኛው ወደ አንድ ሰው ይመለሳል። ሮበርት ሞንሮ (እ.ኤ.አ. 1915–1995) የተባለው አሜሪካዊ የሬዲዮ ባለሙያ በድምፅ አማካይነት እንቅልፍንና የንቃት ደረጃዎችን ስለ መለዋወጥ ሲሞክር ቆይቶ በ1975 እ.ኤ.አ. ለዘዴው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ በቨርጂኒያ ግዛትም ተቋም አቋቁሟል፤ «ሄሚ ሲንክ» በሚል የሚታወቁት ቅጂዎች የመጡት ከዚሁ ዘዴ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጉዳዩን ለመመርመር ፍላጎት አሳይቶ ስለነበር ሌተናንት ኮሎኔል ዌይን ማክዶኔል በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ዘገባ ጽፈዋል። ይህ ዘገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከሲ.አይ.ኤ. መዝገብ ይፋ በመውጣቱ ሻጮች ሁሉ እንደ ማረጋገጫ ይጠቅሱታል። የእኔም ሥልጠና መግቢያ ላይ ይኸው ታሪክ በኩራት ይተረካል። አንድ ሰነድ ለዓመታት በምስጢር መያዙ ግን የያዘው ነገር እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በሒሳብ ሙያ ውስጥ ተቆልፎበት የኖረ ካዝና ሁሉ ሙሉ ሆኖ እንደማይገኝ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም።

የድምፁ አሠራር ራሱ ግን ተረት አይደለም። በግራ ጆሮ 200 ኸርዝ (ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ)፣ በቀኝ ጆሮ ደግሞ 210 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ለየብቻ ቢገባ፣ አድማጩ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚርገበገብ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ይህ ርግብግቢት በአየር ላይ የሌለ፣ የሁለቱ ጆሮዎች መልእክት በአንጎል ግንድ ላይ ሲገናኝ ብቻ የሚፈጠር ነው። ክስተቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃይንሪክ ቪልሄልም ዶቨ የተባለ የፕሩሺያ የፊዚክስ ሊቅ አግኝቶታል፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄራልድ ኦስተር የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጽሑፍ ለሰፊው አንባቢ አስተዋውቆታል። የሰው ጆሮ በአማካይ ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ስለማይሰማ 10 ኸርዝን በቀጥታ ማሰማት አይቻልም፤ ስለዚህ ሻጮቹ ይህን መንገድ ተጠቅመው አንጎልን ወደሚፈልጉት ሞገድ «እንወስደዋለን» ይላሉ።

እዚህ ላይ ለከተማችን ሸማች የሚጠቅም አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ግራና ቀኙ በትክክል ያልተለየ ማዳመጫ የታሰበውን ነገር ጨርሶ ያጠፋዋል፤ እዚህ ድሬዳዋ «ታይዋን» በሚባለው ገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ኤርፎኖች መካከል ደግሞ ሁለቱንም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰሙ አጋጥመውኛል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ድምፁ እየተርገበገበ ሳለ አንዱን ኤርፎን ከጆሮ ማውጣት ነው። ርግብግቢቱ ወዲያው ቆሞ በቀረው ጆሮ ውስጥ ወጥ የሆነ ድምፅ ብቻ ከተሰማ ዕቃው ደህና ነው፤ በአንድ ጆሮ ብቻም መርገብገቡን ከቀጠለ ግን ወይ ማዳመጫው፣ ወይ ስልኩ፣ ወይ ፋይሉ ሁለቱን ድምፆች አስቀድሞ ቀላቅሏቸዋል። ከአንዱ ስልክ ስፒከር በሌላው ስልክ ማይክ የተቀዳ ቅጂም ለዚህ ዓላማ ፋይዳ የለውም፤ በእጅ ከእጅ ሲዘዋወሩ ካየኋቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ እንዲህ የተቀዱ ነበሩ። ነገሩን ያስረዳሁት አንድ የኤርፎን ነጋዴ «አቦ፣ ዋናው መስማቱ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ለዘፈን ከሆነ አልተሳሳተም።

ለመሆኑ በትክክለኛው ማዳመጫ ሲሰማስ አንጎል በእርግጥ ይከተለዋል? ማስረጃው የተዘበራረቀ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ድምር ትንተና በትኩረት፣ በማስታወስና ጭንቀትን በመቀነስ ረገድ መካከለኛ የሚባል ጥቅም መገኘቱን ዘግቧል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ግምገማ ግን የአንጎል ሞገድ ድምፁን ይከተላል ወይስ አይከተልም በሚለው ጥያቄ ላይ ያተኮሩ 14 ጥናቶችን መርምሮ 5ቱ ሐሳቡን ሲደግፉ 8ቱ መቃረናቸውን፣ የ1ዱ ውጤትም የተቀላቀለ መሆኑን አሳይቷል። ይልቁንም ሻጮቹ የማያነሡት አንድ ነገር አለ። የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ዛሬ አልፋ የምንለውን ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ገደማ ያለውን ሞገድ አስተዋውቋል፤ ይህ ሞገድ ደግሞ ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል በራሱ ጊዜ ጎልቶ የሚታይ ነው። የሥልጠናው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ተጋደም፣ ዓይንህን ጨፍን» የሚል ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው መረጋጋት ምስጋናው ለዓይን ቆብ ይሁን ለኤርፎኑ መለየት ይቸግራል።

ይህን ለመለየት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ረድቶኛል። የተወሰኑትን ክፍሎች ገልብጦ የግራውን ድምፅ ብቻ በሁለቱም ጆሮ እንዲሰማ አደረገና፣ ስማቸውን ቀይሮ ከዋናዎቹ ጋር ቀላቅሎ ሰጠኝ፤ ንግግሩ ሳይነካ ርግብግቢቱ ብቻ ጠፋ ማለት ነው። የዝናብ የሚመስል ድምፅ ከላይ ስለሚሸፍነው ሆን ብዬ ካላደንኩት በቀር የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ከክፍሉ በኋላ የሚሰማኝ እርጋታና ወደ ሥራዬ የምመለስበት ፍጥነትም ልዩነት አላሳየኝም። የአንድ ሰው ሙከራ ሳይንስ አይባልም፤ ለአንድ ገዢ ግን ብሩን በምን ላይ እንደሚያወጣ ለመወሰን ይበቃዋል።

አሁን ወደ ንግግሩ ልምጣ፤ የዚህ ምርት ብርታት ያለው እዚህ ላይ ነውና። መሪው ጎልማሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ አይቸኩልም፣ አያባብልም፣ ተአምርም አይሰብክም። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እግርን፣ ሆድን፣ ትከሻን፣ መንጋጋን በየተራ አጥብቆ ይዞ የመልቀቅ ልምምድ ናቸው፤ ይህ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጄኮብሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ያዳበረው ዘዴ ሲሆን የሞገድ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ደረሰኝ የሚያገላብጥ ሰው መንጋጋውን ነክሶ እንደሚውል የሚያውቀው ሲለቀው ነው። ቀጥሎ የሚያስጨንቀውን ነገር ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ የማስቀመጥ ምናባዊ ልምምድ አለ፤ እኔ በምናብ ከማስቀመጥ ይልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ ማጠፍ ይሻለኛል፣ የሚጻፈው ነገር የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ሲሆን ምናብ ክዳኑን ገፍቶ ይከፍተዋልና።

አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍል ችግር ስለ መፍታት ናቸው፤ ለእነዚህ ብቻ ሲባል ሥልጠናው ቢገዛ አይቆጭም። መሪው አድማጩ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ዓረፍተ ነገሩም በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ እንዲሆን ያዝዛል፤ ከዚያ ሰውነቱን እንዲያላላ ካደረገ በኋላ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ብቻ በልቡ እንዲያነበው ይነግረውና ለረጅም ደቂቃዎች ዝም ይላል። በመጨረሻም የመጣውን ሐሳብ ሳይመርጥ እንዲጽፍና እውነትነቱን በተግባር እንዲፈትሽ ያሳስባል። ይህ ቅደም ተከተል ግርሃም ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1926 እ.ኤ.አ. ከከፈላቸው አራት የፈጠራ ደረጃዎች፣ ማለትም ከዝግጅት፣ ከማብላላት፣ ከብልጭታና ከማረጋገጥ ጋር የሚገጥም ሲሆን፣ ብዙ ተመሳሳይ ምርቶች የሚዘሉትን የመጨረሻውን ደረጃ አለመዝለሉ ያስመሰግነዋል።

በሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሰኔ መጨረሻ የባንክ ስቴትመንቱና የእኛ መዝገብ በ2,700 ብር አልስማማ አሉ። ቢሮው ውስጥ ያለነው ሁሉ እንደተለመደው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደግመን ደጋግመን እየደመርን ነበር፤ የደከመ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ያንኑ ነገር መድገም ነው። ወረቀት ላይ ስጽፈው «ሒሳቡ ለምን አልገጠመም?» የሚለው ጥያቄ የትም የማያደርስ መሆኑ ታየኝና «2,700 ብር ከየትኛው ዓይነት ስሕተት ይመጣል?» በሚል ቀየርኩት። ኤርፎኑን ሰክቼ ወንበሬ ላይ ስደገፍ ገንዘብ ያዧ እትዬ «አቦ፣ ሰው ሲደምር አንተ ልትተኛ ነው እንዴ?» አሉኝ። በጸጥታው ውስጥ የመጣልኝ ነገር አዲስ አልነበረም፤ ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ የተማረው ደንብ ነው። ሁለት አጎራባች አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 2,700 ለ9 ሲካፈል 300 ይሆናል፤ ይህም የተለዋወጡት የሺህና የመቶ ቤት አኃዞች መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት መኖሩን ይናገራል። እንዲህ ተጣርቶ ሲፈለግ 7,400 ብር ገቢ የተደረገበት ደረሰኝ በመዝገቡ ላይ 4,700 ተብሎ ተገኘ።

መልሱን ድምፁ ሰጠኝ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ደንቡን የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያዳምጥ አያገኘውም፤ ሥልጠናው ያደረገው መደመሬን ማስቆምና ያለኝን ዕውቀት እንድጠራው ፋታ መስጠት ነው። የምርቱ ማሸጊያ «የተኛውን አቅም ይቀሰቅሳል» ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ እስማማለሁ፤ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ግን አልስማማም። ትኩረትን በልምምድ ማሻሻል እንደሚቻል የሚያሳዩ ጥናቶች ያለ ሞገድ ድምፅም አሉ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በ48 የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ በመምህር የተመራ የሁለት ሳምንት የማስተዋል ሥልጠና የሐሳብ መባዘንን እንደቀነሰና የንባብ ፈተና ውጤትን እንዳሻሻለ አሳይቷል።

ትልቁ ጉድለቱ ቋንቋውና ምስሎቹ ናቸው። እንግሊዝኛ በሥራ ላይ ቢገባንም ዓይናችንን ጨፍነን ስንላላ ግን አእምሯችን መተርጎሙን አይተውም፤ መተርጎም ደግሞ ራሱ ሥራ ነው። የመሪው ዓለምም የጥድ ደንና የበረዶ ጎጆ ያለበት ነው። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ «ወንዝ እየሞላ መጥቶ ጭንቀትህን ጠርጎ ሲወስደው ተመልከት» ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ነዋሪ በዚህ ምስል ዘና ሊል አይችልም። የቀሪውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚተኛ ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለምናውቅ ሰዎች ይህ ክፍል ቢዘለል ይሻላል፤ በእኔ ላይ ያመጣው ነገር ቢኖር ጆሮዬ የዝናቡን ድምፅ እንዲያደምጥ ማድረግ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚቀዳ፣ የራሳችንን ጥላ፣ የራሳችንን ግቢና የማለዳ ንፋስ የሚጠራ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ቢገኝ ይህን ምርት በቀላሉ ይበልጠዋል፤ የሚያስፈልገው ጥሩ ማይክና የማይቸኩል አንባቢ ብቻ ነውና።

ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚውልበት ወቅት፣ ሱቆች በራቸውን ዘግተው ከተማው በሚያርፍበት የቀትር ሰዓት መጋደም ምቹ ይመስላል፤ ሆኖም ከምሳ በኋላ የሚደረግ ሥልጠና በእንቅልፍ ይጠናቀቃል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ትልቁ ሄድፎን በላብ ስለሚያስመርር ትንሹ ኤርፎን ይመረጣል። የባጃጅ ጡሩምባውን የቬንትሌተሩ ድምፅ ራሱ ይሸፍነዋል፤ መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሣ ግን ማቋረጥ ይሻላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማሸነፍ መሞከር ጆሮን ይጎዳልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ገና ቀዝቀዝ ሲል ያለው ነው። ከበርጫ በኋላ መሞከር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ጫት የሚያነቃቃ ነገር ስለሆነ በምርቃና ላይ ያለ ሰው ትኩረት ያለው ይመስለዋል እንጂ መሪው «ጥያቄህን ተውና ጠብቅ» ሲለው መጠበቅ አይሆንለትም።

ዋጋው በዶላር የተተመነ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለደመወዝተኛ ከብዷል፤ በአገር ውስጥ ካርድም ለመክፈል አስቸጋሪ ነው። የሻጩን ማስታወቂያ በተመለከተ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የአእምሮ ማጎልመሻ ጨዋታዎችን የሚሸጠውን የሉሞሲቲን ባለቤት ኩባንያ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ስለ ጥቅሙ አስተዋውቋል በሚል 2 ሚሊዮን ዶላር እንዳስከፈለው ማስታወስ ጠቃሚ ነው፤ «የማሰብ ችሎታህን በእጥፍ ያሳድጋል» የሚል ቃል የሚያነብ ገዢ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ማስረጃ ሊነገር እንደማይገባው ይወቅ። ገንዘብ ለሌለው ሰው «ኢንሳይት ታይመር» በተባለው መተግበሪያ ላይ በነፃ የሚደመጡ ብዙ የሚመሩ ልምምዶች ስላሉ ከዚያ ቢጀምር ምንም አይቀርበትም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የሞገድ ድምፅ ባይሰማ፣ ማንም ሰው ደግሞ ባጃጅም ሆነ መኪና እየነዳ ባይጠቀምበት ይመከራል።

ሰባተኛው ክፍል አውራ ጣትን ከሁለት ጣቶች ጋር አገናኝቶ የተረጋጋውን ስሜት በሥራ መካከል መልሶ ስለ መጥራት ነው፤ ይህን ዘዴ በስሙ የሚጠራውን የአእምሮ ማሠልጠኛ ዘዴ ከመሠረተው ከሆዜ ሲልቫ ትምህርት የወሰዱት ይመስላል። ብር በሚቆጠርበት ጊዜ ሞክሬው ጣቶቼን ለመቁጠሪያ ስለምፈልጋቸው ተውኩት። ስምንተኛው ክፍል ቀጣዩን ሥልጠና እንድንገዛ ከመጋበዝ የዘለለ ይዘት የለውም። ስልኬ ላይ ያስቀረሁት የጡንቻ ማላላቱን የመጀመሪያ ክፍልና የችግር መፍቻዎቹን ሁለቱን ነው፤ እነዚህንም የእህቴ ልጅ ርግብግቢቱን ካጠፋባቸው ቅጂዎች ወስጄ፣ አንዱ ኤርፎኔ ከተበላሸ ወዲህ በአንድ ጆሮ እያዳመጥኳቸው ነው።